ሚቴሬይና የአማቱ ሳጥን

ይህን የምታነቡ ሁሉ አስቀድማችሁ ይቅር በሉኝ። እኔ የትምህርት ቤቱን የማሞቂያ ቦይለር የማነድድ ሰው ነኝ፤ እጄ አካፋ እንጂ ብዕር አልለመደም። ፊደል የቆጠርሁትም አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካኝ ነው። የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ «ሜዳሊያ ስላልተሸለመ አንድ የመንደራችን ሰው ጻፉ» የሚል ወረቀት ስትለጥፍ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ማንም አልጻፈም። ሜዳሊያ ያልተሸለመ ሰው ሳስብ ደግሞ ሚቴሬይ ብቻ መጣብኝ። ታሪኩን ራሱ ነው ምድጃዬ ዳር እግሩን እያሞቀ የነገረኝ። ከተሳሳትሁ ስሕተቱ የኔ ነው፤ እሱ ሲነግረኝ አልተሳሳተም።

ሚቴሬይ የመንደራችን የኡሉ-ኪዮል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሰውነቱ ትልቅ፣ ድምፁ ትንሽ። በአማቱ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሲኖር አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ የጨረሰበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። «እኔ እንኳ እንደሚመስለኝ…» ብሎ ይጀምራል፤ አማቱ እማማ ሖቦሮስ «ላንተ የሚመስልህን ማን ጠየቀህ?» ይላሉ፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ሚቴሬይም ሻዩን ይዞ ወደ መኪናው ይሄዳል። መኪናው አያቋርጠውም።

እማማ ሖቦሮስ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ቁመታቸው ከምድጃው ትከሻ አይበልጥም፤ ሲቆጡ ግን ውሻው እንኳ ጭራውን ወትፎ አልጋ ሥር ይገባል። በወንዙ ግራና ቀኝ ስማቸው የታወቀው በጥንቸል ብርድ ልብስ ነው። ዘጠና የጥንቸል ቆዳ ገጣጥመው አንድ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ፤ እሱን ለብሶ የተኛ ሰው ምድጃው ቢጠፋም ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚነሣው።

በዚያ የበረዶ ክረምት ትንሿ ልጃቸው አይታ ቶሞን ለሚባል መንደር ሰው ታጨች። ቶሞን ከእኛ መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። በእጮኝነቱ ድግስ ላይ የሙሽራው እናት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ያሁን ጊዜ ሴት ብርድ ልብስ ከገበያ ነው የምትገዛ፤ መስፋቱማ ድሮ ቀረ» አሉ። እማማ ሖቦሮስ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ዘጠና ጥንቸል ያለበት ብርድ ልብስ ይመጣልሻል። አንቺ ላብ መጥረጊያ ፎጣ አዘጋጂ» አሏቸው።

ነገሩ እንግዲህ በሕዝብ ፊት ተነገረ። የተነገረ ቃል ደግሞ እንደ ወጣ ጭስ ነው፤ ወደ ምድጃው አይመለስም።

የጥሎሹ ዕቃ፣ በእኛ ዘንድ የሙሽሪት ወገን የሚልከው፣ በደንቡ መሠረት ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መሄድ አለበት። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ማለዳ የሚቴሬይ መኪና ላይ የፈረስ ውርንጭላ ሥጋ፣ ሃያ ትልልቅ ነጭ ዓሣ፣ የቀዘቀዘ ቅቤና አንድ ከጥድ የተሠራ ትልቅ ሳጥን ተጫነ። ሳጥኑ ጓጉንቸር ተቆልፎበታል። ሚቴሬይና የሚስቱ ወንድም ኬሻ አንሥተው ሲጭኑት ወገባቸው ተንቋቋ።

«እማማ፣ ዘጠና ጥንቸል ነው ወይስ ዘጠና በሬ?» አለ ኬሻ።

«አንተ ምንህ ከብዶህ ያውቃል? ከአፍህ በቀር» አሉት እናቱ። ወዲያው ወደ ሚቴሬይ ዞሩ፤ የሳጥኑን ክዳን በመዳፋቸው መቱ። «ይህ የሚከፈተው በሠርጓ ቀን፣ በአይታ እጅ ነው። ከዚያ በፊት የከፈተው ሰው ቢኖር…»

«ማን ይከፍተዋል እማማ፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ…»

«ከዚያ በፊት የከፈተው ሰው ቢኖር፣ እኔ አማቱ አይደለሁም፤ እሱም ሰው አይደለም። ጨርሻለሁ።»

አልጨረሱም ነበር።

«የተራራው ማለፊያ ላይ ለአድባሩ ቂጣና ቅቤ ስጥ። የአይታን ስም ጥራ፤ እጮኛዋንም አንሣ። ሞተርህን አጥፍተህ!»

ሚቴሬይ የሰማውን አላመነም። በእኛ አገር ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሜዳ ላይ ሞተር የሚያጠፋ ሰው የለም፤ ከጠፋ ቀዝቅዞ አይነሣም። ሰው ሚስቱን ይረሳል፣ ስሙን ይረሳል፤ ይህን ግን አይረሳም።

«ምን?» አለ።

«አምና ሞተርህን እያስጓራህ ቂጣዋን እንደ ድንጋይ ወርውረህ አለፍህ። ወንዙ ጋ ሳትደርስ ጎማህ ፈነዳ። አድባሩ ምኑን ይስማ? አንተን ነው ወይስ ናፍታህን? ሰው ሲለምን ዝም ያለ ቦታ ላይ ነው የሚለምን።»

«እማማ፣ ዛሬ ከዜሮ በታች ሃምሳ ሦስት ነው እኮ…»

«እና አድባሩ አይበርደውም? እሱ ምን አለ?»

ኬሻ ከበሩ ሳይወጣ «አንድ ደቂቃ ብታጠፋው ምን ትሆናለህ ወንድሜ! ቶሎ ቶሎ ብለህ ጥራቸውና አስነሣ» አለ። ሚስቱ ማርፓ ደግሞ ስንቁን ስታቀብለው ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «እንዳታጠፋው» አለችው። ሚቴሬይ ሁለት ትእዛዝ ይዞ ወጣ። የየትኛውን እንደሚፈጽም ግን የመንደሩ ውሻ ሁሉ ያውቃል።

ማለፊያው ላይ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደረሰ። አድባሩ ከመንገዱ አሥር እርምጃ ገባ ብሎ የቆመ ሽማግሌ ጥድ ነው፤ መንገደኛ ያሰረበት የፈረስ ጭራና የጨርቅ ብጣሽ ተንጠልጥሎበታል። ሚቴሬይ መኪናውን አቆመ። እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ አጠፋው።

ሁሉ ነገር ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሚቴሬይ ሰምቶ አያውቅም፤ መኪና ውስጥ ሞተር አለ፣ ቤት ውስጥ እማማ ሖቦሮስ አሉ። ቂጣውን ቆርሶ ከዛፉ ሥር አኖረ፤ ቅቤ ቀባበት፤ ኮፍያውን አነሣና «የዚህ ቦታ ባለቤት፣ አያቴ ሆይ፣ አይታና ሙሽራዋ በሰላም ይኑሩ፤ ቤታቸው ይሙቅ፤ ልጃቸው ይብዛ» አለ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሊመለስ ዞረና ቆመ።

ጨርሶ ነበር የተናገረው። ከጀመረበት እስከሚያልቅበት። ማንም አልገባበትም።

ሚቴሬይ እንደነገረኝ፣ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማው፤ ክፉ ድምፅ አልነበረም። አንድ ሌላ ዓረፍተ ነገር ሞከረ። እሱም አለቀ። «አያቴ» አለ ለዛፉ፣ «ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ነበር። ሰኔ ላይ አፈሰሰ። ማነው ልክ የነበረው?» ዛፉ አልተቃወመም። እንግዲያውስ ብሎ ቀጠለ። እማማ ሖቦሮስ ስሙን ትተው «ያ ሰውዬ» እንደሚሉት ነገረው። ሻይ ሲቀዱ የእሱን ስኒ አልፈው ጠረጴዛው ላይ እንደሚያፈሱበት፣ ይህም ሁለት ጊዜ እንደሆነ፣ ንቀት ካልሆነ ምን እንደሚባል ጠየቀ። ከዓሣው ራሱ ለኬሻ እንደሚሰጥ፣ ለእሱ ጭራው እንደሚደርሰው አመለከተ። እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። በዕድሜው እንዲህ ያማረ ጨዋታ አድርጎ አያውቅም።

ምን ያህል ቆየህ ስለው መጀመሪያ ሩብ ሰዓት አለኝ፤ ሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት አለኝ። እኔ ግን ሚቴሬይን አውቀዋለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ነገር በግማሽ ሰዓት አያልቅም።

ሽፋሽፍቱ ተጣብቆ አልላቀቅ ሲለው ነው የባነነው። ሮጦ ጋቢና ገባና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ «ኽ» አለ። ደግሞ አዞረ። «ኽ…» ሦስተኛው ላይ ያም አልነበረም። እጁን ወደ መቀመጫው ሥር፣ የሞተር ማሞቂያውን የቤንዚን ችቦ ወደሚያኖርበት ላከ። ባዶ ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለው። ችቦውን ኬሻ ትናንት ማታ ተውሶታል፤ የሠርጉን ሰኮናና የከብት ራስ ሊለበልብበት።

«ኬሻ» አለ ሚቴሬይ ቀስ ብሎ። ከዚያ በላይ ያለውን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆችም ያነቡታልና።

ቆሌው ተገፈፈ። ከኋላው ያለው የመጀመሪያው ቤት አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ በእግር የሚሞከር አይደለም። በዚያ መንገድ በሳምንት ሁለት መኪና ቢያልፍ ነው፤ የሚቀጥለው የሚያልፈው ሐሙስ ነው። ነገሩ ግልጽ ነበር። እሳት ካለው ይኖራል፤ እሳቱ ከጠፋ እስከ ሐሙስ ቀርቶ እስከ ነገም አይደርስም።

መጥረቢያውን ያዘ። ደረቅ እንጨት ሞልቷል፤ ግን ቅርብ ያለው ሁሉ በአድባሩ ዙሪያ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ስንጥር አይነካም። ለጠብ አማቱ ብቻ ትበቃዋለች። ይቅርታ ጠይቆ፣ እስከ ወገቡ በረዶ ውስጥ እየዋኘ፣ መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ደረቅ ጥድ አገኘ። አንዴ ቢመታው ከመጥረቢያው አፍ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስባሪ ወለቀ። ደግሞ ቢመታው ግማሹ መጥረቢያ በርሮ ሄደ። በእንዲህ ያለ ብርድ ብረት እንደ ሸክላ መሆኑን ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቃል፤ ሚቴሬይም ያውቃል። እጁ ግን ቸኩሏል። በእጁ ሊሰበር የሚችለውን ቅርንጫፍ ሰባብሮ ታቅፎ ተመለሰ።

ከዚያ ስኮርታውን አውርዶ፣ ናፍታ የነከረ ጨርቅ አድርጎበት፣ ከሞተሩ ሥር አነደደው። ጎማ ሲነድ ጭሱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ፊቱ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ሞተሩ ትንሽ ሞቅ ሲል ሮጦ ቁልፉን አዞረ፤ ባትሪው ግን በቀደመው ሙከራ ነፍሱ ወጥታ ኖሯል። ሲረግም የረገመው ኬሻን ነበር፤ ባትሪውን አልረገመም፤ ባትሪው የተቻለውን አድርጓል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ገባች። ሚቴሬይ እሳቱን ከመኪናው አጠገብ አዛውሮ የጭነቱን ጎን የሚከልለውን የስፖንዳ ጣውላ እየነቀለ ማንደድ ጀመረ። ርሃቡ አላስቸገረውም፤ የተጫነው የሠርግ ምግብ ነው። አንዱን ዓሣ በቢላዋ እየላጨ ጥሬውን፣ በረዶውን እየቆረጠመ በላው። በጣም ይጣፍጥ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜም የዓሣውን ራስ እሱ በላው። ጉድለቱ እንዳይታወቅ የቀሩትን አራርቆ ደረደራቸው። ሁለተኛውን ከበላ በኋላ ግን ማራራቁ አላዋጣም፤ ሸራ ጣለባቸው።

ጣውላውም አለቀ። ጣቶቹ የሱ አልመስል አሉት። እንዳይተኛ ብሎ ክብ ጭፈራ ጀመረ። ክቡ እሱ ብቻ ነው፤ አውጪም እሱ፣ ተቀባይም እሱ። ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ እግሩ ተሳስሮ ወደቀና ከመኪናው ላይ ካለው ሳጥን ጋር ዓይን ለዓይን ተያየ።

ዘጠና ጥንቸል እዚያ ውስጥ አለ። ምድጃ የሚያስንቀው ብርድ ልብስ።

«አይሆንም» አለ ለራሱ። ደግሞ «ብሞትስ?» አለ። ቀብሩን አሰበው። እማማ ሖቦሮስ በሕዝቡ ፊት ቆመው «ይህ ሰው እስከ መጨረሻው ሳጥኑን አልነካም» ሲሉ ታየው። ጥሩ ምስጋና ነበር፤ ግን ሰምቶ ደስ የሚለው ሌላ ሰው ነው። ሚቴሬይ ተነሣና የቀረችውን የመጥረቢያ ቁራሽ ያዘ። ለመስበር አልነበረም ሐሳቡ፤ ትንሽ ሊሞክረው ነው፤ እምቢ ካለው ሞከርሁ ብሎ ሊተወው። አንዴ ቢነካው ጓጉንቸሩ ሦስት ቦታ ተበታተነ። የሚጸጸትበት ጊዜ እንኳ አልሰጠውም።

ሳጥኑን እየጎተተ ወደ እሳቱ ጥግ አወረደውና ክዳኑን ከፈተ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ አዲስ በረዶ የሚያበራ ጠጉር አየ። አንጀቱ ራሰ። አወጣውና ተከናነበው። እምብርቱ ላይ ቀረ። ወደ ታች ሳበው፤ እግሩን ሲሸፍንለት ደረቱ ወጣ። አዞረው፤ በወርዱ ሞከረው፤ ያው ነው። ለጨቅላ ይበቃል። ለሁለት ሙሽሮች ከሆነ ግን አንዳቸው ቆመው ማደር አለባቸው። ቆዳዎቹን ቆጠረ። ሠላሳ ስምንት።

«የቀረውስ?» አለና ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ፈለገ። ከብርድ ልብሱ ሥር ድርቆሽ ነበር፤ ተጠቅጥቆ የገባ የሐይቅ ዳር ድርቆሽ። ከድርቆሹ ሥር ደግሞ እንዳይንኳኳ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ አንድ ከባድ ነገር። ፈታው። የምድጃ እንጨት ነው። ለክብደት። አሥራ አንድ ፍልጥ፣ ድርቅ ያለ የጥድ እንጨት።

ሚቴሬይ በረዶው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እንባው ጉንጩ ላይ እስኪደርቅ ሳቀ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፈራቸው ሴትዮ የአይታን አማቾች እንጨት ጭነው ሊሸውዱ ነው! ኬሻ «ዘጠና በሬ ነው ወይ» ያለው ወገቡ እውነቱን ሲነግረው ኖሯል።

አንዱን ፍልጥ እሳቱ ላይ ጣለና በብርሃኑ ብርድ ልብሱን ደግሞ አየው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ስፌት እንደ ጉንዳን ሰልፍ የደቀቀ ነው። ወደ መካከሉ ሲመጣ ሰፋ ሰፋ ይላል። የመጨረሻው ረድፍ እንደ አሮጌ ውሻ ጥርስ ወዲያና ወዲህ ተዘበራርቋል፤ ከዳሩም መርፌ ጣት የወጋበት የደም ነጠብጣብ አለበት። ሳቁ ቆመ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር መጣለት። እማማ ሖቦሮስ በመጋረጃ ተከልለው ሲሰፉ፣ «ሰው ሲያየኝ እጄ አይሄድልኝም» ሲሉ። ጥንቸል ሁለት ዓመት ጠፍቶ መክረሙ። ከስኒው አልፎ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው ሻይ። እሳቸው ስኒውን አላዩትም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህን እንደምጽፍ እማማ ሖቦሮስ ያውቃሉ፤ አስፈቅጃለሁ። «ጻፈው፤ ግን ዓይኗ ጠፍቶ ነበር ብለህ አትጻፍ፤ ደክሞ ነበር በል» ብለውኛል። እንግዲህ ደክሞ ነበር።

ሚቴሬይ ድርቆሹን ጫማው ውስጥ፣ ሱሪው ውስጥ፣ በካፖርቱና በሸሚዙ መካከል ጠቀጠቀ። ብርድ ልብሱን ደረቱ ላይ ጠመጠመ። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ተኛ፤ አየር እንዲገባው ጓንቱን ክዳኑ ላይ ሰነቀረ። አንዱ ፍልጥ አልቆ ሌላው ሲፈለግ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል፤ ይጨምራል፤ ይመለሳል። እንዳይተኛ ቆዳዎቹን በጣቱ እየዳበሰ ይቆጥራል። ለአድባሩ በቀን ያቀረበው ክስ ትዝ ሲለው «አያቴ፣ የሻዩን ነገር ተወው፤ የጣሪያው ግን ይቆይልኝ» አለው። እንዲህ ሲል ነጋ።

አሥራ አንደኛዋ ፍልጥ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አለቀች። ሚቴሬይ የተረፈውን የስኮርታ ቁራጭ ፍሙ ላይ ጣለበት። ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌላ የሚነድ የለም። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ተጠቀለለና የሚሆነውን ጠበቀ።

ቀትር ካለፈ በኋላ የሞተር ድምፅ ሰማ። ቶሞኖች በማለዳ ስልክ ደውለው «ሰውዬው አልደረሰም» ብለው ኖሯል፤ ጭሱም ከሩቅ ታይቷል። ሚቴሬይ ሊነሣ ሞከረ፤ ጉልበቱ አልፈታ አለው። ወዲያው የኬሻን ድምፅ ሰማ። ኬሻ ምስጢር የሚጠብቀው አፉ ሥጋ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ይህን ብርድ ልብስ ካየ ማታውን በወንዙ ግራና ቀኝ የማያውቅ አይኖርም። ሚቴሬይም እጁን ሰዶ ጓንቱን ነቀለና ክዳኑን በራሱ ላይ ዘጋው።

እማማ ሖቦሮስ ከመኪናው ወርደው የጠፋውን እሳት አዩ። ሰው የለም። የተሰበረ መጥረቢያና የሬሳ ሳጥን የመሰለ ሳጥን ብቻ።

«ሚቴሬይ!» አሉ። በስሙ ጠሩት። «ሚቴሬዬ! ወይኔ ልጄን! እኔ ነኝ የገደልሁት፣ እኔ ነኝ ሞተርህን አጥፋ ያልሁት!»

«እማማ፣ ምናልባት በእግሩ…» አለ ኬሻ።

«ዝም በል አንተ ችቦ ሌባ! እንደሱ ያለ ሰው የት ይገኛል? አንድ ቀን መልሶልኝ ያውቃል? ክፉ ቃል ወጥቶት ያውቃል? ጣሪያው ያፈሳል ብሎኝ ነበር! ልክ ነበር! ልክ እንደነበር አውቄ ዝም አልሁት!»

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ሚቴሬይ ያን ጊዜ ክዳኑን ሊከፍት ይችል ነበር። ጥቂት ቆየ። ሌላም ነገር ይሉ ይሆናል ብሎ ነው። ግን የድርቆሹ ብናኝ አፍንጫው ውስጥ ገባና ሳጥኑ በኃይል አስነጠሰ።

ኬሻ በድንጋጤ ወደ ኋላው ተቀመጠ። እማማ ሖቦሮስ ሳጥኑን አዩ፤ የተሰበረውን ጓጉንቸር በእግራቸው ነኩ፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

«ኬሻ፣ ሂድና ችቦውን ከመኪናው አምጣ።»

«ሳጥኑ እኮ አስነ…»

«ሂድ አልሁህ!»

ኬሻ ሄደ። እማማ ሖቦሮስ ክዳኑን አነሡ። ጥቁር ፊት፣ ነጭ ሽፋሽፍት፣ በየቦታው ድርቆሽ።

«ስናገር ሰምተሃል?» አሉት።

«ምንም አልሰማሁም እማማ።»

«ስለ ጣሪያው?»

«ስለ ጣሪያው ብቻ።»

እማማ ሖቦሮስ ብርድ ልብሱን አዩት።

«ቆጥረኸዋል።»

«ሠላሳ ስምንት ነው።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አንዷ ጥጉ ላይ ታጥፋለች።» ቀጥለውም «እንጨቱስ?» አሉ።

«ነደደ። ጥሩ እንጨት ነበር።»

«ሁለት ዓመት የደረቀ ነው፤ ጥሩ አይሆንም እንዴ!» አሉና የብርድ ልብሱን ጥግ ወደ ውስጥ አጠፉ። «ለሠርጉ ቀን አንድ መላ አላጣም ብዬ ነበር። ጥንቸሉ ጠፋ፤ እጄም… አሁን አንተ ታወራለህ። አውራ። ሥልጣኑ ያንተ ነው።»

ሚቴሬይ ከንፈሩ በብርዱ ደንዝዟል፤ ቃሉ ግን ወጣለት። «እማማ፣ ጓጉንቸሩ በመንገድ ተሰብሯል፤ የተሰበረ ሳጥን ደግሞ ለጥሎሽ አይላክም፤ ስለዚህ ለጥገና ወደ ቤት ይመለሳል፤ ሠርጉ ገና ሁለት ሳምንት ነው፤ እኔ ሃያ ዓመት የመኪና ሸራ ስሰፋ ነው የኖርሁት፤ የጥንቸል ቆዳ ከሸራ አይብስም» አለ። እማማ ሖቦሮስ እስኪጨርስ አፉን አፉን አዩት። ሲጨርስም የሚቀጥል እንደሆነ ብለው ጠበቁ።

ኬሻ ችቦውን ይዞ ሲመለስ ብርድ ልብሱ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ እማማ ሖቦሮስ ክዳኑ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሚቴሬይ ጎማው ላይ ተደግፏል።

«አንገትህ ላይ ያለው ድርቆሽ ምንድነው ወንድሜ?» አለ ኬሻ።

«ፈረስ ሆኗል» አሉ እማማ ሖቦሮስ። «አንተ ሞተሩን አሙቅ። ከእንግዲህም የሰው ችቦ ተውሰህ ሰኮና ስትለበልብ ባገኝህ፣ የምለበልበው ያንተን ነው።»

ማምሻውን ኡሉ-ኪዮል ገቡ። ማርፓ የእግሩን ጣቶች በዝይ ስብ አሽታ በጨርቅ ጠቀለለችለት። የአንድ ጆሮው ጫፍ ጠቁሯል፤ የሁለት ጣቱ ጥፍር ኋላ ወልቋል፤ ሌላው ሁሉ ተርፏል። ሳጥኑ ለምን ተመለሰ ስትለው «ጓጉንቸሩ» አለና ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሚቴሬይ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። ማርፓ «ተኛ፣ እግርህ!» ብትለው አልሰማም። የሽቦ ጥቅል ትከሻው ላይ አድርጎ እያነከሰ ወደ ሐይቁ ዳር ቁጥቋጦ ወረደና የጥንቸል ዱካ ባየበት ሁሉ አርባ ወጥመድ አጠመደ። ሲመለስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሁለት ስኒ ሻይ ጠጣ፤ እጁን በሙቅ ውኃ ታጠበ፤ ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ከእማማ ሖቦሮስ አጠገብ ተቀመጠና መርፌውን ከእጃቸው ተቀበለ። ክሩን አስገባ። የመጨረሻውን ረድፍ ፈትቶ ከሥር ጀምሮ እንደገና መስፋት ጀመረ።